ለሰርቪስ ክፍል ተከራይ የሚሆን የመብራት ቆጣሪ፦ ከ14 ወር በኋላ ያለኝ አስተያየት

ግቢያችን ኮተቤ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ አባቴ በሕይወት እያለ ያሠራቸው ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ ሦስቱንም እናከራያለን። ቤታችንን የሚያቆመው የእናቴ ጡረታና የእነዚህ ክፍሎች ኪራይ ነው። ስለዚህ ከተከራይ ጋር መጣላት ለኛ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ክፍል ሁለት ወር ባዶ ከዋለ ወዲያው ይሰማናል።

የሚያጣላን ግን ኪራዩ አልነበረም። መብራቱ ነበር።

ግቢው ውስጥ ያለው ቆጣሪ አንድ ነው፤ የምንጠቀመው አራት ቤት ነን። የመጀመሪያዋ ክፍል ውስጥ እንጀራ ጋግራ ለሱቅ የምታስረክብ ሴት አለች። መካከለኛዋ ውስጥ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ወንደላጤ ነበር፤ ያለው አንድ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀርና እሑድ እሑድ የሚሰካት ካውያ ናት። ሦስተኛዋ ውስጥ ባልና ሚስት ከሕፃን ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አራተኛ እኛ ነን፣ ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለን። ቢሉ ሲመጣ ለአራት እኩል እንካፈል ነበር። አባቴ የጀመረው ልማድ ስለሆነ ማንም አልነካውም።

አንድ ቀን ወንደላጤው ድርሻውን ለእናቴ ሲሰጥ፣ "እትዬ፣ እኔ እኮ ቤት የምገባው ለመተኛት ነው። የማንን ምጣድ ነው የምከፍለው?" አላት። በንዴት አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። እንጀራ ጋጋሪዋ ግን በሯ ላይ ሆና ሰማችው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቧንቧ ላይ ሲገናኙ ሰላም መባባል ተዉ። እናቴ በሰው ብዛት እናካፍል ብላ ሞከረች፤ ሕፃኑ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚል ሌላ ክርክር ተነሳ። ምጣድ ያለው በየወሩ የተወሰነ ብር ይጨምር ብላም ሞከረች። በወሩ ውስጥ ስንት ቀን እንደተጋገረ ማን ቆሞ ይቁጠር?

ድሮ ቢሆን አከራይ መብራቱ ሲከብደው ኪራዩ ላይ ጣል አድርጎ ይገላገል ነበር። አሁን እንደዚያ የለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ ከሚያወጣው መጠን አያልፍም። ሕጉ ለምን እንደወጣ በደንብ ይገባኛል። እኔም ወደ እናቴ ቤት ከመመለሴ በፊት ተከራይ ነበርኩ፣ በየስድስት ወሩ "ጨምር ወይ ልቀቅ" እየተባልኩ ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ። ግን እንደኛ ሁለት ሦስት ክፍል ብቻ ለሚያከራይ ሰው አንድ ጣጣ ይዞ መጥቷል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ነው። አንድ ጎረቤታችን "መብራትና ውሃን ጨምሮ" ብለው ለሁለት ዓመት ፈርመው፣ ቢሉ በጨመረ ቁጥር ልዩነቱን ከኪሳቸው ይከፍላሉ። አዲስ ውል የምትዋዋሉ ካላችሁ መብራትን ከኪራይ ለዩት። ለመለየት ደግሞ መለኪያ ያስፈልጋል። ወደ ቆጣሪዋ የገባነው በዚህ መንገድ ነው።

ዕቃዋ ትንሽ ናት። ብሬከር ሳጥን ውስጥ ከብሬከሩ ጎን ትቆማለች፣ ከእጅ መዳፍ ታንሳለች። ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ወደ እያንዳንዱ ክፍል በሚሄደው መስመር ላይ ትገባና ያ ክፍል ስንት ኪሎዋት ሰዓት (በአፍ "ኪሎዋት" ብቻ የምንለውን) እንደተጠቀመ ትቆጥራለች። በቃ፣ ሌላ ሥራ የላትም። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሄጄ ሦስት ገዛሁ። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ቁጥር ከምጠራ በኛ ስሌት ልንገራችሁ፦ ቆጣሪው፣ ሽቦው፣ ብሬከሩ፣ ሳጥኑና የኤሌክትሪሺያኑ ሒሳብ ተደምሮ የአንድ ክፍል የሁለት ወር ተኩል ኪራይ ገደማ ፈጀ። መጀመሪያ ላይ ባልሳሳት ኖሮ ሁለት ወርም አይሞላም ነበር።

ስህተቱን በደንብ ልዘርዝረው፣ ምክንያቱም ቤት ሊያቃጥል ይችል ነበር። ቆጣሪዋ ፊት ላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ አንዱ በቅንፍ ውስጥ። መጀመሪያ የገዛኋቸው 5 ይልና በቅንፍ 20 አምፔር ይላል። ሻጩ "ለቤት ይበቃል" አለኝ፣ እኔም ዋጋው ስለቀለለኝ አልጠየቅኩም። በቅንፍ ያለው ቁጥር ቆጣሪዋ ልትሸከም የምትችለው ከፍተኛው ነው። 3,500 ዋት የሚበላ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ከጎኑ 2,000 ዋት ስቶቭ ላይ ወጥ ከተጣደ 25 ደረሰ። በሦስተኛው ሳምንት እንጀራ ጋጋሪዋ "የሆነ ፕላስቲክ ይሸተኛል" ብላ ጠራችኝ። ሳጥኑን ስንከፍተው ሽቦው የሚታሰርበት ቦታ ጠቁሮ ቀልጧል። ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ ቁጭ አልኩ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ክፍሏ ውስጥ የዱቄት ከረጢት፣ የስፖንጅ ፍራሽ፣ መጋረጃ... ሁሉም የሚነድ ነገር ነው። ሻጩጋ መልሼ ስወስደው "የተቃጠለ ዕቃ አንመልስም" አለኝ።

ሁለተኛ ጊዜ በቅንፍ 60 አምፔር የሚለውን ገዛሁ፣ ከሌላ ሱቅ። ወደ ምጣዱ የሚሄደውም ሽቦ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነበር፤ ኤሌክትሪሺያኑ ነቅሎ ባለ 6 ዘረጋ፣ ብሬከሩንም ባለ 32 አምፔር አደረገው። በትልቅ ቆጣሪ ላይ ቀጭን ሽቦ ካሰራችሁ ምንም አልሠራችሁም። ሥራውን ደግሞ ለሚያውቅ ሰው ስጡ፤ እኔ መፍቻ ይዤ አልተጠጋሁም። የመብራት ኃይሉን ቆጣሪና ማኅተሙንም ማንም እንዲነካው አትፍቀዱ፤ የናንተ ሥራ የሚጀምረው ከእሱ በኋላ ነው።

የት ትሰቀል የሚለው ላይ ከእናቴ ጋር ተከራክረናል። እሷ ሳሎን መግቢያው ላይ ይሁን አለች፣ ሕፃን እንዳይነካካው፣ ዝናብም እንዳያገኘው። እኔ ደግሞ ተከራዩ የኛን በር ሳያንኳኳ ማየት አለበት አልኩ። አሁን በረንዳው ግድግዳ ላይ፣ ክዳኑ በሚያሳይ ሳጥን ውስጥ፣ በቆመ ሰው ዓይን ትክክል ነው ያሉት። ጠዋት ውሃ ሊቀዳ የወጣ ሁሉ ያያቸዋል። ተከራይ የማያየው ቁጥር የአከራይ ወሬ ነው፤ እኔም ተከራይ ሆኜ "ይሄን ያህል ደርሶብሃል" ስባል አላመንኩም ነበር።

ትክክል ትቆጥራለች ወይ? ይሄን ወንደላጤው ራሱ ነው ያረጋገጠው። ቆጣሪዋ ላይ ቀይ መብራት አለች። 1,600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሞላ ማለት ነው፣ ቁጥሩ ፊቷ ላይ ተጽፏል። 1,000 ዋት የሚበላ ዕቃ ብቻውን ከተሰካ በደቂቃ 27 ጊዜ ገደማ ብልጭ ማለት አለባት። ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ ካውያውን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጎ ሰካ፣ ስልኩ ላይ ሰዓት ያዘ፣ ቆጠረ። 26 አገኘ። ሁለተኛ ቆጠረ፣ 27። ይሄን ስትሞክሩ ግን መብራቱ ደህና ሆኖ በሚመጣበት ሰዓት ይሁን። ማታ ኃይሉ ወርዶ 180 ቮልት ከሆነ ካውያዋ ራሷ የምትበላው ወደ ሁለት ሦስተኛው ስለሚወርድ ብልጭታውም ያንሳል፤ ያ የቆጣሪዋ ጥፋት አይደለም።

በመጀመሪያው ወር ንባብ የባልና ሚስቱ ክፍል 98 አሳየ። ሚስትየዋ ደነገጠች። "እኛ እኮ ቴሌቪዥንና የልጁን ወተት ማሞቂያ ነው ያለን" አለች። እናቴ ዝም አለች፤ ሰው አይዋሽም አይባልም ብላ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ክፍላቸው ውስጥ ያለውን ሁሉ አስነቅዬ በረንዳ ወጣሁ። ቀይዋ መብራት ቀስ እያለች ብልጭ ትላለች። አንድ ነገር እየበላ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ተመልሶ መጥቶ ሲፈልግ የኛ ውጪ ኩሽና በነሱ መስመር ላይ ሆኖ አገኘው፤ ግድግዳው የጋራ ስለሆነ አባቴ ያኔ ሽቦውን ከዚያ አስቀጥሎታል። እነሱ ሒሳብ ላይ ይቆጠር የነበረው የኛ ፍሪጅ ነው።

እናቴ ያን ቀን ማታ ራሷ ክፍላቸው ሄዳ ነገረቻቸው፣ የወሩንም ልዩነት መለሰች። ስትመለስ "የኛም ይለካ" አለችኝ። እስከዚያ ድረስ ለዋናው ቤት ቆጣሪ አላስገባንም ነበር፣ ከጠቅላላው ሲቀነስ የቀረው የኛ ነው ብለን። በማግስቱ አራተኛ ገዛሁ። ይሄን ዕቃ የምትገዙ ሁሉ ለራሳችሁ ቤትም ግዙ። አከራዩ ሳይለካ ተከራዩን ብቻ የሚለካ ቆጣሪ ግማሽ ሥራ ነው።

አሁን ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ወር ላሳያችሁ። ዋናው ቆጣሪ 410 ቆጠረ። እንጀራ ጋጋሪዋ 168፣ ወንደላጤው 31፣ ባልና ሚስት 74፣ እኛ 121። ድምሩ 394። የጎደለው 16 የግቢው አምፖል፣ የውሃው ዲናሞና በሽቦው ላይ የሚባክነው ነው፤ እሱን ለአራት እንካፈላለን። በድሮው አከፋፈል ቢሆን ወንደላጤው 31 ተጠቅሞ የ102 ይከፍል ነበር። ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው! ስንት ዓመት እንደዚያ ስናስከፍል እንደኖርን ሳስብ እስካሁን ቅር ይለኛል፤ ከእሱ በፊትም እዚያች ክፍል ውስጥ የኖሩት ወንደላጤዎች ናቸው።

በኪሎዋቱ ልክ ማካፈል ብቻውንም አይበቃም፣ ይሄን መጀመሪያ አልተረዳሁትም ነበር። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት የሚጠቀም ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ከዚያ 100፣ 200፣ 300፣ 400፣ 500 እያለ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋም ይወጣል። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ስንደመር 410 ስለምንገባ ሁላችንም ከፍ ያለው እርከን ላይ ነን። ወንደላጤው የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው ኖሮ 31ዱን በዝቅተኛው ዋጋ ይከፍል ነበር። እሱ ደግሞ ከሁላችንም ገቢው የሚያንስ ልጅ ነው።

እሑድ ቡና ተፈልቶ ሁሉም ባለበት አነሳሁት። ከ50 በታች የተጠቀመ ሰው በዝቅተኛው እርከን ዋጋ ይክፈል፣ ልዩነቱን ብዙ የምንጠቀመው እንያዘው አልኩ። እንጀራ ጋጋሪዋ ትቃወማለች ብዬ ፈርቼ ነበር። "እኔ የምጋግረው ለመሸጥ ነው፣ ወጪዬን ማወቅ ነው የምፈልገው" አለች። ተስማማን፣ ጻፍነው፣ ሁሉም ፈረመ። እሷ እንዲያውም ከማናችንም በላይ ተጠቅማበታለች። አንድ ዙር ጋገራ 9 ኪሎዋት ገደማ እንደሚበላ ከቆጣሪዋ አወቀች፤ ምጣዱ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ማጋል እንደሚጎዳትም አየች። አሁን ጠዋትና ማታ መጋገሩን ትታ አንዴ ተቀምጣ ትጨርሳለች። ከወንደላጤው ጋርም ሰላምታው ተመለሰ።

ዕቃዋ ጉድለት አላት። ዋናው፣ የኛዎቹ በስክሪን የሚያሳዩ ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ስክሪኑም ይጠፋል። ቆጣሪ አንባቢው የመጣ ቀን መብራት ከሌለ የሱን ጽፋችሁ የናንተን ማየት አትችሉም። መብራት ሲመለስ ቁጥሩ ካቆመበት ይቀጥላል፣ አይጠፋም፣ ግን ያ ቀን ያመልጣችኋል። ቀኑ ደግሞ ወሳኝ ነው፤ ዋናው በ12 ተነቦ የናንተ በ17 ከተነበበ ድምሩ በጭራሽ አይገጥምም። እንደገና ብገዛ ቁጥሩ በስክሪን ሳይሆን በሚሽከረከሩ ትንንሽ ቀለበቶች ላይ የታተመውን ዓይነት እወስድ ነበር፣ እሱ በጨለማም በባትሪ መብራት ይነበባል። ሌላው፣ ከሰዓት ፀሐይ የሚያገኛት የዳር ቆጣሪ ስክሪኗ ደብዝዟል። መመሪያው በቻይንኛ ብቻ ነው። ሽቦ ማሰሪያ ቡሎኖቹም በጊዜ ብዛት ይላላሉ፤ በስድስተኛው ወር ኤሌክትሪሺያኑ መብራቱን አጥፍቶ ሲያጠብቃቸው ሁለቱ ላልተው ነበር።

ሱቅ ውስጥ ቁጥሩን ወደ ዜሮ የሚመልስ ቁልፍ ያለው ዓይነትም አሳይተውኛል። "በየወሩ ከዜሮ ትጀምራለህ፣ ይቀልሃል" ይሏችኋል። አትግዙት። ማንም በማንኛውም ሰዓት ሊጫነው የሚችል ቁልፍ ካለ፣ ተከራዩም አከራዩን አከራዩም ተከራዩን ይጠረጥራል። በቅድሚያ ብር የሚሞላበትም አለ፣ ሲያልቅ የሚያጠፋ። ከፋይ ለሚያስቸግራችሁ ሊጠቅም ይችላል። እናቴ ግን ሕፃን ያለበት ክፍል ሌሊት በኛ ዕቃ እንዲጨልም አልፈልግም አለች፣ እኔም ከሷ ጋር ነኝ። የኛዋ ትቆጥራለች እንጂ አታስከፍልም። ባልና ሚስቱ ሁለት ወር ዘግይተውብናል፤ ያ በንግግር ነው ያለቀው።

ኮንዶሚኒየም የምታከራዩ ይሄ አይመለከታችሁም፣ ቤቱ የራሱ ቆጣሪ አለው። በአንድ ግቢ ብዙ ክፍል ለምታከራዩ ግን፣ በተለይ ከተከራዮቹ አንዱ የሚጋግር ከሆነ፣ ግዙ። ባለ 60 አምፔሩን፣ ለራሳችሁም ጨምራችሁ። ጠቅላላ ፍጆታችን ከ410 ወርዶ ባለፉት ሦስት ወራት ከ380 በታች ነው የመጣው፤ ማንም ለማንም ሳይናገር በረንዳ ላይ የሚረሳ አምፖል ቀረ።

ወንደላጤው ባለፈው ወር ሥራ አግኝቶ ወደ ሐዋሳ ሄደ። የለቀቀ ቀን ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ ቆጣሪውን ራሱ አነበበ፣ ከመጨረሻው ንባብ በኋላ የተጠቀመውን 11 ኪሎዋት አስልቶ በቴሌብር ላከና ቁልፉን ለእናቴ ሰጣት። "እትዬ፣ ይመልከቱት" አላት። አላየችውም፣ ስማው ሸኘችው። አሁን አንዲት ነርስ ገብታበታለች። ውሉን ስንፈርም ቁጥሩ 437 ነበር፣ እዚያው ውሉ ላይ ጻፍነው፣ እሷም በስልኳ ፎቶ አነሳችው።